ጥፋቱ ያልተጻፈበት ይቅርታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የምሠራበት ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው አካሉ አንድ ልብ ወለድ አዋሰኝ። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰውዬ ቁርሱን ሲበላ ሁለት ሰዎች ገብተው «ታስረሃል» ይሉታል። ለምን? አይነግሩትም። ጥላውን በሜትር ለክተው፣ መዝግበው ይሄዳሉ። በማግስቱም እንደዚያው… ደራሲው ጤነኛ ነው? ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ታናሽ ወንድሜን ኪሩቤልን ፖሊሶች ወሰዱት። ከሰፈራችን ከፋሲሎ፣ ከቤታችን በር ላይ፣ ጫማውን እያሰረ ሳለ። ለምን ስላቸው «ይጣራል» አሉኝ። ምኑ?

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ጣቢያ ድረስ ምሳ ወሰድኩለት። ጥበቃው ዓሣ ወጡን መጀመሪያ እኔን አስቀመሰኝ፤ ደንቡ ነው። ኪሩቤልን ግን አላሳዩኝም። ባዶውን ምሳ ዕቃ መለሱልኝ። ጥርግ አድርጎ በልቷል፣ ደስ አለኝ።

ወረፋ ስጠብቅ መጽሐፉን ቀጠልኩ። ለሰውዬው ምሳ የሚያመላልስለት አንድ ሰው የለም! እናት የለውም? ጎረቤትስ? ጭራሽ ጥላው ለመለካት እንዲመቻቸው ቀጥ ብሎ ይቆምላቸዋል። አርባኛው ገጽ ላይ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብሎ ራሱን መመርመር ጀመረ። ተናደድኩበት። ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አባባ ሽማግሌ ሰብስበው ነበር። መሪጌታ ናቸው፤ የተጣላ ሲያስታርቁ ነው የኖሩት። መላ ተገኘ ተባለ። የይቅርታ ደብዳቤ ከቀረበ ኪሩቤልን ይለቁታል። ፈራሚው ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ከቤታችን ደግሞ ደመወዝተኛዋ እኔ ብቻ ነኝ። አባባ በዚያ በሚያምር ቁም ጽሕፈታቸው ጽፈውታል፦ «ልጃችን ስላጠፋው ጥፋት…»

የቱ ጥፋት? ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለሰላም ብለን ነው፣ የብርጓል» አሉኝ።

አልፈርምም አልኩ። እማዬ አለቀሰች። እሱ እዚያ ሲሚንቶ ላይ እየተኛ እኔ እዚህ እኮራለሁ? ጨካኝ ነኝ እንዴ… ብሆንም አልፈርምም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አባባ ለመኑኝ፣ ደብዳቤውን ይዘን አብረን ጣቢያ ሄድን። ኃላፊው ብዕር አቀበለኝ። መልሼ ወደ እሱ ገፋሁት።

«ጥፋቱን እርስዎ ይጻፉልኝና እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን አገላበጠ። «እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ» አለ። ፈርቼ ነበር፤ ግን አልተነሳሁም። አባባ እጃቸውን ዘረጉና ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱት።

«አርባ ዓመት አስተማርሁ፣ ልጄ» አሉት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ላልተሠራ ኃጢአት ንስሐ የሚገባ ግን አላየሁም።»

ኪሩቤል አልተፈታም። መቼ እንደሚፈታም አናውቅም።

ቤት እንደገባን አባባ አዲስ ወረቀት አወጡ። «ልጃችን የታሰረበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠን» ብለው ጻፉ። ሌላ አልጨመሩም። መጀመሪያ እኔ ፈረምኩ፣ ቀጥሎ እሳቸው። እማዬ መነጽሯን ፈልጋ ሁለቴ አነበበችውና ከእኛ ስም ዝቅ ብላ ፈረመች።