ያ የሱፍ ጓንት

ታዴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀረው። ቤቱ እንደነበረ ነው፤ የሳሎኑን መጋረጃ ብቻ ቀየርኩ። ልጃችን ሜሮን ከቤት ወጥታ ከተማው መሃል ሶደርማልም መኖር ጀምራለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት ዛሬም በስዊድንኛ ነው የምትመልስልኝ። ሰው ሁሉ ለሙት ዓመቱ ምን እናግዝሽ ይለኛል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዝግጅቱን ለመጀመር እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለህ ታናሽ ወንድምህ ሰጥሞ ስለቀረ፣ ስንጋባ ዳግመኛ ጀልባ ላይ እንዳትወጣ በሚካኤል ገዝቼሃለሁ። አንተ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ከሃሉንዳ ተነስተህ ወደዚያ አሮጌ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ትሄዳለህ። ባሕርን ከዳር ማየት ቀኑን ሙሉ ያስውላል? ሞባይልህን ትዘጋለህ። አንድ ዓሣ እንኳ ይዘህ አትመጣም። ኋላ ደግሞ በእጅ የተሠራ ወፍራም የሱፍ ጓንት አድርገህ መጣህ። ከየት ነው ስልህ፣ ሰው ሰጠኝ አልክ። ሰው! ለሰው ባል ጓንት የምትሠራ ምን ዓይነት ሰው ናት? ወንድን ያመነ ጉም የዘገነ ብዬ ነገሩን በሆዴ ያዝኩ፤ በሆዴ ስይዝ እንዴት እንደምቃጠል ታውቃለህ።

ባለፈው ቅዳሜ ጓንቱን ራሴ አድርጌ፣ ሜሮንን አስከትዬ ወደዚያ ወደብ ሄድኩ። የሠራችው ሴት ስታየው ፊቷ ይለዋወጣል ብዬ ነው። ባሕሩ በጠባብ መግቢያ ገብቶ ሐይቅ በሚመስልበት ዳርቻ፣ ጀልባዎቹ ዓሣ የሚያወርዱበት ቆምኩ። ዓሣ የምታጥበዋን ጠረጠርኩ። ሻይ የምትሸጠዋንም ጠረጠርኩ። ማናቸውም እጄን ልብ አላሉም።

እጄን ያየው ከጀልባ የወረደ ሽማግሌ ነው። ቆቡን አወለቀ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ለካ ጓንቱን የሠራው እሱ ኖሯል! የጀመረውን ሹራብ ከጀልባው አውጥቶ እስኪያሳየኝ አላመንኩትም።

ሜሮን እየተረጎመች ነገረችኝ። ጀልባዎቹ ሲገቡ ከዳር ሆነህ ገመድ ትቀበላቸው ነበር። ገመዱ እጅህን ሲልጠው አይቶ ነው ጓንት የሠራልህ። ና እንሳፈር ባለህ ቁጥር ግን፣ ሚስቴ ገዝታኛለች እያልክ አንድ ቀንም እግርህን ወደ ጀልባው አላነሳህም።

እኔ በማላይህ ቦታ ግዝቴን ጠበቅህልኝ፤ እኔ ደግሞ ካይኔ በራቅህ ቁጥር ጠረጠርኩህ። ግን አንተስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በዚህ አሁንም እንደተቀየምኩህ ነኝ።

ሙት ዓመትህን አሳምሬ አወጣለሁ፤ ሽማግሌውንም ጠርቼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ሄጄ አስብሃለሁ። የንስሐ አባታችንን አማክሬ ግዝቱን አንስቼልሃለሁ። ታዴዬ፣ አሁን ተሳፈር።