ሰባ ስድስት ሰዓት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8 ቀን

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ለትንሿ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ እስካሁን አፏን በእጇ እየሸፈነች ነው የምትስቀው? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ነገር የለኝም። የእማዬን ክፍል ነጭ ቀለም አስቀባሁት። አልጋዋን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት፤ ቁም ሳጥኑን ግን መክፈት አቅቶኝ እንዳለ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «እትዬ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፤ ሕግ ነው» ብለሃል። ይህን አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ ደግሜ ዘረጋሁት፤ ለሦስት ሳምንት እንዲሁ ሳደርግ ከረምኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከሥራ እረፍት ወስጄ፣ ነገሩን እንደሆነው ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ከክትባት ክፍል አንስተው አየር ማረፊያ እንደመደቡኝ ታውቃለህ። ከመስታወት ጀርባ ቁጭ ብዬ የመንገደኛ ወረቀት ማየት ነበር ሥራዬ። የአገሩ ዜጋ ወረቀት ቢጎድለው ቤቱ ተለይቶ ይቀመጣል። እንዳንተ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ግን የምርመራ ውጤቱ ከሰባ ሁለት ሰዓት ካለፈ በመጣበት አውሮፕላን ይመለሳል። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ በድንጋጤ የውሻውን የክትባት ደብተር አቀበለኝ። «ውሻው ሁሉም ተሟልቶለታል፤ እሱ ይግባ፣ እርስዎ ይመለሱ» ስለው ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። እንዲህ ዓይነት ቀን ግን ብዙ አልነበረም።

እማዬ የባሰባት ጊዜ ደውለህ «ምን ምን ላሟላ?» አልከኝ። የምርመራ ውጤት፣ የጤና ቅጽ፣ የለይቶ ማቆያ ሆቴል ማረጋገጫ ብዬ ዘረዘርኩልህ። ሰዓቱ የሚቆጠረው እስክትሳፈር ድረስ ነው አልኩህ፤ በዚያን ቀን እውነት ነበር። ስልኩን ልንዘጋ ስንል ግን «እስከዛሬ ደህና ሐኪም ዘንድ ሳትወስጃት ምን ስትጠብቂ ነበር?» አልከኝ። አንተ ረስተኸው ይሆናል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት አጥቤያት፣ አገላብጫት ነበር ሥራ የምገባው። ቃልህ እንደ አሜከላ ውስጤ ተሰክቶ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዲስ መመሪያ ተለጥፏል። ከረቡዕ ጀምሮ ሰዓቱ የሚቆጠረው መንገደኛው እስኪደርስ ድረስ ነው ይላል። አንተ የምትደርሰው ሐሙስ ነው። ሁለቴ አነበብኩት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ምሳ ሰዓት ላይ እደውልለታለሁ» አልኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «እሱ ሁሉን አዋቂ አይደል፤ ራሱ ያንብበው» አልኩ። ማክሰኞ እንኳ ብደውልልህ ደግመህ ትመረመር ነበር። አልደወልኩም።

ሐሙስ ዕለት ከወረፋው ስድስተኛ ነበርክ። አፍና አፍንጫህ ተሸፍኖም በዓይንህ ስትስቅ ለየሁህ። ወረቀትህን ተቀብዬ ቆጠርኩ፤ ሰባ ስድስት ሰዓት።

«ይቅርታ፣ የእርስዎ ውጤት ጊዜው አልፎበታል» አልኩህ። እርስዎ! አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ!

«እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እማዬስ?»

«መመሪያው ነው» አልኩህ፤ ቀና ብዬም አላየሁህም።

አንተ የማታውቀው ይሄን ነው፤ ከቅጹ ግርጌ አንድ ባዶ መስመር ነበረች። ወላጁ በጽኑ ለታመመበት መንገደኛ ምክንያቱን እዚያ ላይ ጽፌ ወደ ተረኛው ሐኪም መምራት እችል ነበር። በዚያው ሳምንት ለሁለት ሰው ጽፌአለሁ፤ ሁለቱንም ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። አንተን ሁለት ጥበቃዎች ይዘውህ ሲሄዱ ተረኛው ሐኪም ብቅ ብሎ «ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«ሰዓት አልፎበት ነው» አልኩ።

«የታመመበት ሰው የለም?»

«የታመመብኝ አለ አላለም» አልኩት።

ወንድምዬ፣ የዋሸሁት ዘጠኝ ቀን ብቻ የቀራትን እናታችንን አልጋ ላይ ትቼ መጥቼ ነው።

ለምን ብትለኝ ደክሞኝ ነበር እላለሁ። እውነትም ደክሞኝ ነበር። ሾርባ ሳጠጣት ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞር ሴት፣ ያንተን ድምፅ በስልክ ስትሰማ ብቻዋን ተነስታ ትቀመጥ ነበር። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። እለፈው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። በደብዳቤህ መጨረሻ፣ እማዬ እስከ አየር ማረፊያው በር መምጣትህን ሰምታ መርቃህ መሞቷ እንደሚያጽናናህ ጽፈሃል። አልሰማችም። ምርቃቱን በስልክ የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ ቃል በቃል የፈጠርኩትም እኔ ነኝ። እሷ «መቼ ነው የሚመጣው?» ባለች ቁጥር «መንገዱ ተዘግቷል፣ እማ» እላት ነበር። በመጨረሻው ቀን እጄን ያዘችና «አትምጣ በይው። መንገድ ላይ በሽታው እንዳይዘው» አለችኝ። በእውነት ያለችው ይህን ብቻ ነው። ያንተ ስለሆነ ልመልስልህ።

አሁን የሰዓት ቆጠራው ቀርቷል፤ መስታወቱንም ባለፈው ወር አንስተውታል። ፓስፖርትህን ብቻ ይዘህ መምጣት ትችላለህ። እቤት ማረፍ ባትፈልግ ሆቴል እረፍ፤ አልቀየምም። መቃብሯን ልብስ ሰፊዋ ታሳይሃለች፤ ከእኔ ጋር መሄድ የለብህም። ቁም ሳጥኑን ግን መጥተህ አንተ ክፈተው።

ልጆችህ ይደጉልህ። እጅህ የነካው ይባረክ። እርስ በርስ የሚደዋወሉ እህትና ወንድም ያድርግልህ። ይሄ ምርቃት የእኔ ነው፤ በማንም አላሳበብኩትም። ከእኔ አልቀበልም ካልክም አልፈርድብህም።

እህትህ