ሆዱን የምታውቀው ሴት

ናዝሬት፣ ሰኞ ኅዳር 4
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ስልክ ቤት ሰው ከሰው ሳገናኝ ዋልኩ። ከሥራ በቀጥታ ሆስፒታል። ባለቤቴ ታደሰ ላብ በላብ ሆኖ፣ ራሱን ይዞ። የአዲስ አበባ ምርመራ ውጤት ደርሷል፦ ከኩላሊቱ በላይ ያለችው እጢ ላይ ዕባጭ አለ። ደም ግፊቱን ሰማይ የሚሰቅለው እሱ ነው። ይወጣል። ዶ/ሩ ግን ሆዱን ሲገልጥ ጠባሳ አገኘ። ሁለት የቆየ ቀዶ ጥገና። ምን ተሠርቶ ነበር? መዝገቡ የለም። ታደሰ እኔን ሳያይ፣ “አስካለ ታውቃለች” አለ።

የመጀመሪያ ሚስቱ፤ ጥሏት ነው የመጣው። ስሟን ላናነሳ ተስማምተን ነበር!

ረቡዕ ኅዳር 6
ትናንት አልደውልላትም አልኩ። ዛሬ የአቦምሳን መስመር ራሴ ከፈትኩ። አስካለን በጎረቤቷ ሱቅ ስልክ አስጠራኋት። የረጋ ድምፅ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት፣ “በሕይወት አለ?” አለች። ከቀበሌ የጉዞ ይለፍ አውጥታ ትመጣለች። አለቀስኩ። ለሱ አይደለም።

ዓርብ ኅዳር 8፣ ከሰዓት
መጣች። ታምራለች። ለዶ/ሩ ሁሉን ነገረችው፦ መጀመሪያ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣ ኋላ አንጀቱ ተቋጥሮ። ያኔ የተጣበቀውን ሲያላቅቁ አንጀቱ ተበስቶ ለጥቂት ተረፈ። እያወራች ጣቷን ጠባሳው ላይ አስኬደች። እኔ እያየሁ!

ዶ/ሩ ወሰነ፤ በሆድ አይገባም። በጀርባ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ በትንሽ ስንጥቅ። እሷ ባትመጣ በሆዱ ይገባ ነበር። ማመስገን ነበረብኝ። አፌ እንቢ አለ።

ቤቴ ታድራለች። አንሶላ ሳነጥፍላት፣ “እህቴ፣ ሲነቃ ውሃ ይለምንሻል፤ አዝነሽ እንዳትሰጪው” አለችኝ። ይህንንም ታውቃለች።

ሰኞ ኅዳር 11
ወጣለት! ሎሚ ያህላል አሉ። ግፊቱ ወርዷል። ተመስገን። የሆዱ ጠባሳ የሷ ነው፤ የጀርባው ቁስል ግን የኔ። የማጥበው እኔ። እንዲህ ማሰብ ያሳፍራል። ደስ አለኝ።

አስካለ ከበሩ ቆማ መተንፈሱን አየች፤ አልገባችም። አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። በመስኮት፣ “ይቅር ብዬዋለሁ በይልኝ” አለች።

ማክሰኞ ኅዳር 12
ዛሬ በደንብ ያወራል። “አስካለ ምን አለች?” ብሎ ጠየቀኝ። አውቶቡሱ ሊሄድባት ነበር፣ ቸኩላ ነው የሄደችው አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይቅርታዋን ነገ እነግረዋለሁ። ቆርጫለሁ። ነገ ካልሆነ ከሆ/ል ሲወጣ። ቁስሉ ደርቆ፣ ቤታችን ከገባን፣ ያኔ ምናልባት…