የአባባ ድንጋይና የመኪናው መስታወት

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለዘይኑዲን ታሂር፣ አሰብ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ያ የባሕር ወበቅ እንዴት ይዞሃል? ጆንያ ስታወርድ የቆረጠህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ትሠራበታለህ? ባለቤትህ መይሙናስ ደህና ናት? ሕፃኑ ዳዴ ማለት ጀመረ? እማማ ማታ ማታ ዱዓ ስታደርግ ስማችሁን ከሁላችን በፊት ነው የምትጠራው፤ እህታችን ሀሊሜ እንኳ “እኛ እኮ እዚሁ ነን፣ ለእኛም አንዴ” እያለች ታስቃታለች። እኔ በመካኒክነት ከተመረቅሁ ወዲህ እዚሁ ቆቦ፣ በጋሽ ደምሴ ጋራዥ እየሠራሁ ነው። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሹፌሮቹ ወሬውን ሳያዛቡ አያደርሱልህምና ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርህ፦ አባባ በሕይወት አሉ። መታሰራቸው እውነት ነው። የመንግሥት መኪና መስታወት የተሰበረውም በእሳቸው ድንጋይ ነው። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ ስማ፤ አብሽር፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የዘንድሮው በልግ ቀርቷል። የአምናው ማሽላ ሳያሽት ቆሞ መድረቁን ነግሬህ ነበር። ከብቱ አለቀ፤ ግመሎቹ እንኳ ጎናቸው ተጣብቋል። ሰው ከየቀዬው ወርዶ በመኪናው መንገድ ዳር ተቀምጧል። መኪና ባለበት መንግሥት አለ ብሎ ነው። እኛ ቤት በእማማ ብልሃት የሆነች ነገር እንቀምሳለን። አባባ ግን ድርሻቸውን በነጠላቸው ቋጥረው ወደ መንገዱ ይወጣሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። “በላሁ” ይላሉ። ትከሻቸውን ብታይ ግን አልበሉም።

እንዲህ ሳለን አንድ ኢንስፔክተር አገሩን ሊያይ ከላይ፣ ከደሴ ተልኮ መጣ። የመጣባት ፔጆ የኋላ መስታወቶቿ ከውስጥ ስስ ጥቁር ላስቲክ ተለጥፎባቸዋል። ከውጭ አገር ያስመጣው ነው አሉ፤ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሊያየው ሲጠጋ የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ጎረቤታችን ሲቲ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አይታ “ይቺ ማናት? እኔ ነኝ?” ብላ ጮኸች። ራሷን በመስታወት ካየች ከርማ ነበር። ማንም አልሳቀም።

አባባና ሌሎቹ ሽማግሎች በዚያው ቀን ተሰበሰቡ። አባባ “መንግሥት ጀርባውን ሰጥቶናል። በምን እንዳስቀየምነው አናውቅም፤ ግን ሳይቀየም እንዲህ ዝም የሚል የለም። ድንጋይ ተሸክመን እንታረቀው” አሉ። አያ አራጌን ታውቃቸው የለም፣ ምላሳቸው መች ይቦዝናል? “የበደለን ዝናቡ፣ ድንጋይ ተሸካሚው እኛ!” አሉ። አባባም “ዝናቡንማ የት አግኝተን እናስታርቀዋለን? ይኼኛው ይሻላል፣ በመኪና መጥቶልናል” ብለው መለሱላቸው። እኔ ከተማ ተምሬ የመጣሁት ልጅ፣ አቤቱታ በወረቀት እጽፋለሁ ብዬ ስጣደፍ፣ አባባ “ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው የት ይገባል?” አሉኝ።

እንደምታውቀው በእኛ አገር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ያደረገን ሰው መልስ ሳይሰጡት አያልፉትም። “አውርድ” ካሉት እርቅ ወረደ ማለት ነው። ተሸካሚውም እስኪባል ድረስ አያወርድም። አባባ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመው፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በቆመችው መኪና የኋላ በር አጠገብ አጎንብሰው ቆሙ። ጋራዣችን ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ሁሉን አያለሁ። “ጌታው፣ በድለን እንደሆነ ይቅር በሉን፣ ሰው አለቀ” አሉ። መልስ የለም። ደግመው አሉ። የቆቦን ፀሐይ ታውቀዋለህ። ሰው ሁሉ እንደ እሳቸው አጎንብሶ ጥቁሩን መስታወት ይጠብቃል። ከዚያ የአባባ ጉልበት ከዳቸው። ድንጋዩ ወደ ፊት አመለጠ፤ መስታወቱም ተሰበረ።

ወንድምዓለም፣ መስታወቱ አልረገፈም። እንደ ጨው ደቆ እያለ ላስቲኩ አንድ ላይ ይዞት፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጠፈ። በተከፈተው በኩል ሁላችንም አየን፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰውየው በወዲያኛው በር ወርዶ ቀድሞ ጽሕፈት ቤት ገብቷል። አባባ ያን ሁሉ ጊዜ የለመኑት ባዶ ወንበር ነው።

ኢንስፔክተሩ ሲወጣ ያየው መስታወቱን ነው፤ መሬት የወደቁትን ሽማግሌ በአጠገባቸው አለፋቸው። ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ አስፋው፣ ያ የሮቢቱ ልጅ፣ “ጌታዬ፣ የአገሩ ልማድ ነው፣ ሊመቱ አይደለም” ቢል ሰሚ አላገኘም። የኢንስፔክተሩ ትእዛዝ አጭር ነበር። መስታወቱ እስከ ነገ ጠዋት እንደነበረ ከሆነ ሽማግሌው ይለቀቃል፤ ካልሆነ ወደ ደሴ ወኅኒ ይላካል። ደሴ ወኅኒ ደግሞ ተስቦ ገብቷል፤ በአባባ አቅም ተገብቶ በሕይወት የሚወጣበት አይደለም።

እኔ ጋሽ ደምሴን እንኳ ሳላስፈቅድ “እኔ አደርገዋለሁ!” አልኩ። የተማርኩት ለዚህ መሰለኝ። ወዲያው በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ ወልድያ ወረድኩ። እዚያ የተገለበጠች የዚያኑ ዓይነት ፔጆ መኖሯን አውቅ ነበር። ሮቢትን፣ ጎብዬን አልፌ ስሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያየሁትን አልጽፍልህም፤ እማማ ይህን ደብዳቤ ሀሊሜን ታስነብባታለችና። መስታወቱን ከበሩ አውጥቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ተመለስኩ። ልክክ ብሎ ገባ። የበሩን ሽፋን ፈትቼ ስብርባሪውን ጠረግሁ፣ ማንሻውን ዘይት ቀባሁ፣ ሲወጣና ሲወርድ ድምፅ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አዲሱ መስታወት ነጭ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ያሳያል።

ላስቲኩን ከአሮጌው ልጬ በአዲሱ ላይ እለጥፋለሁ ብዬ ነበር የተማመንኩት። ሞቅ ያለ ውሃ አፈሰስኩበት፣ በምላጭ ጫፉን አነሣሁ፣ ቀስ ብዬ ሳብኩ። የመጣልኝ የተኮማተረና የተበሳሳ ቁራጭ ነው፤ ማጣበቂያው የመስታወቱን ድቃቂ እንደ አሸዋ ይዞ ቀርቷል። ስዘረጋው ተቀደደ፤ ስለጥፈው አረፋ ሠራና ተላቀቀ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጥቁረቱ የመስታወቱ አልነበረም፣ የላስቲኩ ነው፤ ላስቲኩ ደግሞ አንዴ ከተለጠፈበት መስታወት ጋር ይሄዳል እንጂ ወደ ሌላ አይዛወርም። መስታወት ሲቀየር ጥቁረቱ አብሮ ይቀራል። ሌላ ላስቲክ ደግሞ እንኳን ቆቦ፣ ደሴም የለም።

የኢንስፔክተሩ ሹፌር ካሳው የአላማጣ ልጅ ነው፤ አጠገቤ ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ ያየኛል። “ለእኔ የፊቱን ነጭ አድርገው ተዉልኝ፣ ሹፌር ነዋ! ይኸን ሁሉ ሰው እኔ ብቻዬን ነው የማየው” አለኝ። ሄጄ ለኢንስፔክተሩ እውነቱን እነግረዋለሁ ብል ጋሽ ደምሴ ተቆጣኝ። “አንተ የዲፕሎማ ልጅ! እውነትህን ሰውየው ምን ያደርግለታል? አባትህን አውጣ!” ካሳው ደግሞ የኩራዝ ጥላሸት በዘይት ለውሰህ ቀባው አለኝ። “ከውጭ ቀባው እንጂ ከውስጥ እንዳታደርገው፤ የሰውየውን ነጭ ልብስ እጅጌ ካጠቆረው ሁላችንም ደሴ ነን።” ቀባሁት። ወላሂ ከጥላ ሥር ሆነህ ብታየው አትለየውም።

ጠዋት መኪናዋን ጽሕፈት ቤቱ ደጅ አቆምናት። ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። አስፋው አባባን ደግፎ አመጣቸው። ኢንስፔክተሩ መጣ፣ መስታወቱን ከሩቅ አየና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ ገብቶ ተቀመጠ። ስለ አባባ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አስፋው ትእዛዝ እየጠበቀ ሰላምታ እንደሰጠ ቆሞ ቀረ። ካሳው ሞተሩን አስነሣ። ሰውየው ቃሉን ረስቶት ነበር፣ ወይም ቃል የሰጠ አልመሰለውም፤ አባባን ወደ ደሴ የሚጭነው መኪና ግን ከኋላ ቆሟል።

ከዚያ አባባ ከአስፋው እጅ ወጡ። ያው ድንጋይ እንደወደቀ እዚያው ነበር፤ የነካው የለም። እንዴት እንዳነሡት አላህ ይወቀው። ማጅራታቸው ላይ አድርገው ያንኑ መስታወት ተጠግተው አጎነበሱ። በጥቁሩ ላይ የሚታየው የራሳቸው አናት ነው፤ ያንንም ጥቁር የቀባሁት እኔ ነኝ።

ሳላስበው ሮጥኩ። ሸሚዜን አውልቄ መስታወቱን ጠረግሁት። አንዴ ስጠርግ ተዥጎረጎረ፣ ሁለተኛ ስደግመው ጠራ። ሰውየው አፉን ከፍቶ አፈጠጠብኝ፤ ከእኔ ኋላም አባባን አየ፤ ከአባባ ኋላ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው። ከመጣ ጀምሮ ሰው ያየው ያኔ ይመስለኛል። መጋረጃ ሊስብ እጁን ሰደደ፤ መጋረጃ የለም። “ሂድ!” አለ ካሳውን። ካሳው ግን ሞተሩን አጠፋና ወደ ኋላ ዞሮ፣ በትሕትና፣ እኛ ሁላችን እየሰማን “ጌታዬ፣ ፊት ለፊት ተያይታችኋል እኮ። ‘ያውርዱ’ ይበሏቸው፤ አለዚያ ሰዉ ከመንገዱ አይነሣም” አለው። እውነትም ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል።

ሰውየው መስታወቱን ጥቂት ዝቅ አደረገና፣ ለመገላገል ብቻ፣ “ያውርዱ፣ ያውርዱ” አለ።

እልልታው ቆቦን አናወጣት። አባባ ድንጋዩን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። አስፋው ሰላምታውን አወረደና፣ ለሰውየውም ለሕዝቡም በሚሰማ ድምፅ፣ “አውርድ የተባለ ሰው እንግዲህ የታረቀ ነው፤ የታረቀ አይታሰርም” አለ። ሰውየው መልስ የሚሰጥ ሲመስል ሁለት መቶ ዓይን መስታወቱ ላይ ነበር። መስታወቱን ወደ ላይ አነሣ። ሄዱ። አባባን እኔና አያ አራጌ ደግፈን ቤት አስገባናቸው። አያ አራጌ በመንገድ ላይ “ዝናቡን ደግሞ ነገ እናስታርቀዋለን፣ መኪናውን አሰናዳልን” እያሉ ያስቁኝ ነበር፤ የሚያለቅሱት ግን እሳቸው ናቸው።

አባባ አሁን አጥሚት ይቀምሳሉ፣ ትኩሳት የላቸውም። ነገር ግን ወንድምዓለም፣ ነገሩ አላለቀም። አባባ “አውርድ ተብለናል፣ እህሉ በመንገድ ላይ ነው” ብለው ያምናሉ። ሰዉም ያምናል። ጋሽ ደምሴ ድንጋዩን ከመንገድ ሊያነሣ ቢል “ቃል የተሰጠበት ነው” ብለው ከለከሉት። እህል ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ካሳው በአውቶቡስ ሹፌር በኩል መልእክት ልኮልኛል። እስከ ጎብዬ ድረስ ሰው በነጩ መስታወት በኩል ድንጋይ ተሸክሞ እየመጣ ሲያጎነብስ ሰውየው “ያውርዱ” ሲል ዋለ፤ ከወልድያ ወዲያ ግን ቦታ ቀየረና ጥቁሩ ባለበት በወዲያኛው በኩል ተቀመጠ አለኝ።

ለአባባ ስነግራቸው “በየትም ይቀመጥ፤ አፉ ብሏል” አሉ። ስለዚህ ሽማግሎቹ በመጪው ሳምንት ደሴ ይወርዳሉ፣ “ያውርዱ” ያለውን ሰው ፊት ለፊት ሊጠይቁ። አባባ እሄዳለሁ ቢሉ አቅሙ የላቸውም። እኔ እሄዳለሁ ብያለሁ። እማማ ታለቅሳለች፤ ጋሽ ደምሴ “ሥራህን ታጣለህ” ይለኛል። ያጣሁት እንደሆነ ሌላ እፈልጋለሁ፤ ይህ ሜዳ ሥሩ ውሃ ነው፣ አንድ ቀን በሞተር ስበን ስናወጣው ታያለህ። ለጊዜው ግን ድንጋዩን የምሸከመው እኔ ነኝ። አንተም በወደብ በኩል ወደ ወሎ የሚጫን እህል አይተህ እንደሆነ አንድ ቃል ላክልኝ፤ ለአባባ ልንገራቸው።

እናታችን ራህመት “ልጄ ይብላ፣ ለእኛ አይጨነቅ” ትልሃለች። አባባ እጃቸውን ዘርግተው መርቀውሃል። ሀሊሜ የሕፃኑን ስም በእጇ ጽፋ አስቀምጣለች፣ ስትመጣ ታሳይሃለች። ሲቲ ከሞት ተርፋ ሰላም ትልሃለች። አያ አራጌ “ከዚያ ባሕር ጥቂት ወደዚህ ገፋ አድርግልን” ብለውሃል። ለመይሙና ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ።

የሚሳሳልህ ወንድምህ
ነጅሙዲን ታሂር

ቆቦ፣ ሰኔ 19 ቀን 1965 ዓ.ም.