ሠሪው ያልታወቀ ደጋን

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እዚያ ወርቃ፣ ቀዬአችን፣ ዝናቡ ቆመ ወይ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ከጤናዬ በቀር ግን ደህና የሆነ ነገር የለኝም። ይህን የሚያነብልህ ጎረቤታችን ሙሌ እንደሆነ አውቃለሁ። ሙሌ፣ እባክህ ምንም ሳትዘል አንብብለት፤ ለእኔ አዝነህ የምታለሰልሰው ቃል አይኑር።

አባዬ፣ ባለፈው ማክሰኞ ዲላ መጥተህ ሥራ ቦታዬ፣ ሙዚየሙ ውስጥ፣ የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። የማታውቀውን ልንገርህ።

ያ ደጋን ከሁለት ወር በፊት ከአንድ ነጋዴ ተገዝቶ ለኤግዚቢሽን መጣ። የድሮ ዕቃ ማን እንደሠራውና መቼ እንደተሠራ መለየት የእኔ ሥራ ነው፤ ደጋን ሸጠህ ያስተማርከኝ ለዚህ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት ማጉያ መነጽር እንኳ አላስፈለገኝም። እንጨቱ አንተ ደጋን የምትሠራበት ዛፍ፣ ሀሮሬሳ ነው። ጅማቱ የሚታሰርበት ጫፍ ከግራኝ እጅ በቀር ማንም በማይቆርጠው አቅጣጫ ተቆርጧል። የመያዣውን ቆዳ በጣቴ ጫን ሳደርገው ሰመጥ አለ፤ ከሥሩ ያለውንም አወቅሁት። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የጠበበኝ ሰማያዊ ኮንጎ ጫማዬ ነው። «እጅ እንዳያንሸራትት» ብለህ ስትቆርጠው አልቅሼብህ ነበር። ዕድሜው አሥራ ሰባት ዓመት፣ ሠሪው አንተ።

አለቃዬ አቶ ልዑልሰገድ ግን (አንቱ ማለቱን ትቼዋለሁ) «የዘጠና ዓመት ደጋን አገኘን» ብሎ አስቀድሞ ለበላዮቹ ጽፏል። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ስለ እጅ ባለሙያዎች ወሬ ተነሳና «እስቲ ከደጋን ሠሪ ቤት ውሃ የጠጣ እጁን ያውጣ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ አባዬ። ከሰዓት በኋላ ከደጋኑ ጎን የሚቀመጠውን መግለጫ ካርድ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ ዕድሜ፣ ከዘጠና ዓመት በላይ፤ ሠሪ፣ ያልታወቀ። ኋላ ስለ ደጋኑ የጻፍኩትን ጥናት አለቃዬ እንዳለ በራሱ ስም አወጣው። በደል ነው፣ ተቃጥያለሁም። ነገር ግን እሱ ስሜን ከመስረቁ በፊት እኔ ያንተን ሰርቄ ነበር።

ከዚያ አንተ ማሩን በፌስታል አንጠልጥለህ መጣህ። ደጋኑን ያየኸው በዓይንህ ሳይሆን በእጅህ ነው፤ ጫፉን ዳበስክ፣ ቆዳውን ጫን አደረግህ፣ ፈገግ አልክ። አቶ ልዑልሰገድ ከኋላችን ደርሶ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ሲለኝ «ማር የሚያመጣልኝ ሰው ነው» አልኩት። ኮፍያህን አወለቅህ። «ሠሪው ግራኝ ሳይሆን አይቀርም» አልክ፤ ወደ እኔም ዞረህ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት፤ ሌላ ጊዜም ይዤልዎት እመጣለሁ» አልከኝ። እኔን ልጅህን እርስዎ አልከኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ማሩን ሳወጣ ከፌስታሉ ሥር የታጠፈ የጤና ጣቢያ ወረቀት አገኘሁ፤ ዓይንህን ሐኪም እንዲያየው የተጻፈ። ዲላ ለምን እንደመጣህና እጅህ ለምን እንደቀደመ ያኔ ገባኝ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት የቆዳውን ስፌት በምላጭ ቀደድኩት። ሰማያዊው ፕላስቲክ ብቅ አለ። «ዘጠና ዓመት የሞላው ኮንጎ ጫማ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። «ጫማው የእኔ ነው፤ ደጋኑን የሠራው አባቴ ነው፤ ቤታችንም የሚጠጣ ውሃ አለ።» አንድም የሳቀ የለም። አቶ ልዑልሰገድ «የሕዝብ ቅርስ አበላሸሽ» ብሎ ከሥራ አገደኝ። ከፈለገ ይክሰሰኝ። ቆዳውን መልሶ የሚሰፋው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነግሬው ወጣሁ፤ ከመውጣቴ በፊትም በካርዱ ላይ ስምህን ከነአባትህ ጻፍኩ።

ለተቀደደው ቆዳ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። ለማሩ ግን አንተን እጠይቅሃለሁ። እስካሁን አልቀመስኩትም።

የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ለመጪው ሐሙስ ነው። በጠዋቱ መኪና ና፤ መነኸሪያ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሆስፒታል ሄጄ የሕክምና ካርድ ሳወጣልህ መዝጋቢዋ «ለታካሚው ምኑ ነሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። አልሰማችኝም መሰለኝ፣ ደግማ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብዬ ነገርኳት።

እግዚአብሔር ለዓይንህ ብርሃኑን ይመልስልህ፤ ያንን ግራ እጅህንም አይንሳኝ።

ልጅህ