የእናቴ ጠገራና የአቶ ማጃ ጓንት

እሑድ

ጓንት! ሰውየው ሳንቲም ሊያሳየኝ ጓንት አጠለቀ። ነጭ ጓንት። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው፣ ከቆጮ የሚሠራው ሙቹዋ ገና ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር እየቀረበ፣ እሱ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያስገባል። ወንድሜ ጋሽ ላላ ሲያየው ቆየና በጆሮዬ "ሊያዋልድ ነው እንዴ?" አለኝ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አቶ ማጃ የኤልያስ አባት ነው። ኤልያስ ልጄን ምህረትን ሊያገባ የሚፈልገው ልጅ ነው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ ይዘው ከቢጠና መጡ። እኛም እንደ ወጉ "እንምከርበት፣ ቅዳሜ ኑ" አልናቸው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለቤቴ አባት ሆኖ የሚቆመው ጉኑኖ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እሺታና እምቢታው ግን የኔ ነው። ኤልያስ ላይ ምንም የለኝም፤ አንገቱን ደፍቶ የሚበላ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ ግን!

"እርስዎም ይሰበስባሉ ሲባል ሰማሁ" አለና አልበሙን ከቦርሳው አወጣ። ቢጠና ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ያለው ሳንቲም ሁሉ አዲስ ነው። ባለ ሁለት ቀለሙ አንድ ብር፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ አጋዘን ያለባት አሥር ሳንቲም፣ ሁሉም በየላስቲኩ ታሽጎ ተደርድሯል። "ይቺን ይዩልኝ፣ ንጹህ ናት። ከባንክ እንደወጣች ናት፤ የሰው እጅ አልነካትም" ይላል፣ ራሱ የወለዳት ይመስል።

"ታዲያ ምን ሠራች?" አልኩት።

አልገባውም። ጨው ያልገዛ፣ መባ ሣጥን ውስጥ ያልወደቀ፣ ሕፃን አፉ ውስጥ ከትቶት እናቱን ያላስጮኸ ሳንቲም ምኑ ሳንቲም ነው? ቁልፍ ነው። ቆርቆሮ ነው።

የኔን አወጣሁለት። የብስኩት ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ ያለ ላስቲክ፣ እርስ በርስ እየተንኳኩ። አንበሳው ተፍቆ ጭራው ብቻ የቀረ የምኒልክ ብር። ዳሩ እንደ አበባ የተከረከመ የጃንሆይ ሃያ አምስት ሳንቲም። አንድ የጣልያን ሊሬ፣ የተጣመመ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናቴ ጠገራ ብር። ቀዳዳውም ገመዱም አለ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከአንገቷ አላወረደችውም። ላዩ ላይ የነበረችው ንግሥት ፊቷ የለም። እናቴ በአውራ ጣቷ እያሸች ጨረሰቻት። ሥራ ፈታ ስትቀመጥ ታሸው ነበር፣ ጸሎት ላይም ታሸው ነበር። በተፈገፈገበት በኩል ቀላ ብሏል። ለሁሉም እንደማስረዳው ለእሱም አስረዳሁት፦ ይህ ቅላት የዘመን ቀለም ነው፤ ላብና ቅቤ ብርን በብዙ ዓመት እንዲህ ያደርገዋል፤ አዲስ ሳንቲም በሕልሙም አያገኘው።

ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"መዝነውት ያውቃሉ?"

የእናቴን ብር! ሚዛን ላይ! ሙቹዋውን ወደ ሌላ ሰው አዞርኩት።

ሰኞ

ቢሮ ሙሉ ሳቀ። መዝገብ ቤት ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ያለ ወሬ ዋጋ አለው። ጓንቱን በካኪ ፖስታ አስመስዬ አሳየኋቸው።

በሰውየው ላይ ያሉኝ ቅሬታዎች፦

ጓንቱ።

"ንጹህ" የሚለው ቃል። ከዘጠኝ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

ዳጣውን በጣቱ ጫፍ ቀምሶ ወደ ጎን መግፋቱ።

ሚዛኑ። ኪሱ ውስጥ የወርቅ ቤት ሚዛን ይዞ ይዞራል። ይህን የነገረችኝ ምህረት ናት። እሷ መቼ አይታ ነው? ስጠይቃት ሳህን ልታጥብ ተነሳች።

ማክሰኞ

ጠገራው የለም።

ሣጥኑን ከሥራ መልስ ስከፍት ምኒልኩ አለ፣ ጃንሆይ አሉ፣ የተጣመመው ሊሬ እንኳን አለ። የእናቴ ብር የለም። ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። ምህረት በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ፊቷ ሁሉን ነገረኝ።

እሑድ ሲወጡ በር ላይ ለአቶ ማጃ ሰጥታዋለች። በልኩ መስተዋት ያለው ማስቀመጫ ሊያሠራለት፣ ቅዳሜ ይዞ መጥቶ ሊያስደስተኝ፣ "እንዳትነግሪያት" ብሏት። ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጄ፣ የአያቷን ብር ጓንት ላጠለቀ ሰው ሰጠች።

ደወልኩ። "ምንም እንዳያደርጉት! እንዳይጠርጉት!" አልኩት፣ ሰላምታም ሳልሰጥ።

"ጠገራዋ ጠቁራ ነበር፣ አሳዘነችኝ። ትንሽ በሎሚና በአመድ..." አለና አቆመ።

በሎሚና በአመድ። እንደ ሽሮ ድስት!

ረቡዕ

ለምህረት ነገርኳት፦ ብሩ እንደ ነበረ ሆኖ ካልተመለሰ ቅዳሜ በሬን አልከፍትም። ሽማግሌዎቹ ከደጅ ይመለሱ።

"ለአንድ ጠገራ?" አለች።

"ለአንድ ጠገራ አይደለም። ሰው ያልነካውን ብቻ የሚወድ ሰው ቤት ልጅ አልሰጥም" አልኳት። ደስ የሚል አነጋገር ነው፣ ስናገረው ራሴንም ደስ አለኝ። እሷ ግን አልቅሳ ክፍሏ ገባች፣ ምሳም እራትም አልበላችም። ልቤ ለስለስ ሊል ሲል የንግሥቲቱን ባዶ ፊት አስብና መልሶ ይደድራል። እናቴ የነካችው ቦታ እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ። ልብሷ አልቋል፣ ቤቷ ፈርሷል፣ ፎቶ አልተነሳችም። ይህን ለማን አስረዳለሁ?

ጋሽ ላላ ጋ ደወልኩ። አብሮኝ ይናደዳል ብዬ ነበር። "እሱን ብር ተይው በይ" አለኝ። "ምን ማለትህ ነው?" ስለው የሚያጠጣቸው ከብቶች እንዳሉ ነገረኝ። ጉኑኖ ውስጥ ከብት ውኃ የሚጠጣው እኔ ስደውል ነው።

ሐሙስ

ቢሮ ድረስ መጣ። ከቢጠና በጠዋት ተነስቶ፣ አቧራ ለብሶ። ጓንት የለውም። ጥፍሮቹ ሥር አመድ አለ።

ማስቀመጫውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ከፈትኩት። ቀይ ነው! ከዳር እስከ ዳር ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። የእናቴ ጥቁረት የለም፣ የእጇ ቅባት የለም፣ ምንም የለም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ሎሚው ብዙ ቆየባት። ብሩን በላው።"

ስምንት ሰው እየሰማ እንዲህ አልኩት፦ "ዕድሜ ልክዎን ፎቶ ኮፒ ሲያነሱ ኖረው ኦሪጅናሉ ምን እንደሚመስል ጠፍቶብዎታል።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሱ ኮፍያውን እያዞረ "እውነትዎን ነው። ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። በልጆቹ ግን አይፍረዱባቸው" አለ። ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ወጣ።

ኦሪጅናል! እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ቤት እስክገባ ድረስ ለራሴ ደጋገምኩት።

ዓርብ

ዛሬ የምጽፈው ነገር ያሳፍራል። ደብተሩን የሚያየው ስለሌለ ይጻፍ።

ጠዋት ጠገራውን በመስኮት ብርሃን ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። ሎሚና አመድ የጠቆረ ብርን ያነጣል። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ የባለቤቴ እናት መስቀሏን ስታጥብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የሚያቀላ ሎሚ አይቼ አላውቅም። የምኒልኩን ብር ጠርዝ፣ ልቤ እያዘነ፣ በትንሽ ሎሚ ነካ አደረግኩት። ነጣ። ጠገራውን ደገምኩት። ቀይ ነው። እንደገና። ቀይ።

ከቢሮ በምሳ ሰዓት ወጥቼ ገበያ አጠገብ ካሉት ወርቅ ቤቶች አንዱ ጋ ሄድኩ። ስም አልተናገርኩም። ወጣቱ አንጥረኛ መፈተሻ ድንጋዩ ላይ ፈገፈገው፣ መዘነው፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "እናቴ፣ መዳብ እኮ ነው። ብሩ ላዩ ላይ ብቻ የተቀባ ነበር። ድሮም እንዲህ እያደረጉ ይሸጡ ነበር" አለኝ።

የዘመን ቀለም ያልኩት ቅላት መዳቡ ነው። ለስንት ሰው አስረዳሁ! የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የቢሮ ኃላፊው፣ አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ። ያ ሁሉ ንቀት፣ አንድ ጊዜ እንኳን ሚዛን ላይ ሳላወጣው!

ከዚህም የባሰ አለ። ሰውየው ያውቃል። ኪሱ ውስጥ ሚዛን ይዞ የሚዞር ሰው ሎሚ ብርን መዳብ እንደማያደርግ አጥቶት ነው? ቀይ ሆኖ ሲያገኘው "ውሸት ነበር" ብሎ ሊስቅብኝ ይችል ነበር። አልበሙን እንዴት እንዳየሁበት አይቷል። እሱ ግን ከቢጠና ድረስ ተሳፍሮ መጥቶ፣ ጥፋቱን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ በስምንት ሰው ፊት ስድቤን ተሸክሞ ሄደ።

አሁን ምን ላድርግ? ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ነገ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ ልጆቹ ይጋባሉ፣ እሱ ብሬን ያበላሸ ሰው ሆኖ ይኖራል። ሁሉም ነገር ያምራል። ምህረት ዛሬም ከእኔ ጋር አልበላችም።

ቅዳሜ

ከፈትኩላቸው።

ተቀመጡ። ጸሎት ተደረገ። አቶ ማጃ ተነሳ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ሽማግሌው ሁሉ ሲሰማ "የእኚህን እናት ንብረት በማይገባኝ ገብቼ አበላሸሁ" አለ። ከእነሱ ወገን የመጣው ሽማግሌ ራሱ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። አንዱ "ጓንቱስ የት ሄዶ ነው?" አለና ሳቁበት። ኤልያስ ጆሮው ቀላ። አቶ ማጃ አብሯቸው ፈገግ አለ።

አስጨርሼዋለሁ። ይህን አልደብቅም። እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ተቀምጬ ሰማሁት፣ አፌን ልከፍት እያልኩ፣ ሳልከፍት።

ሊቀመጥ ሲል ነው የወጣልኝ። "ሎሚ ብርን መዳብ አያደርግም" አልኩ። "ድሮም መዳብ ነበር። አቶ ማጃ ያውቃሉ። ያላወቅኩት እኔ ነኝ።"

አቶ ማጃ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ለምን ዋሹልኝ?" አልኩት።

"ልጄ እዚህ ቤት ሊገባ ነው" አለ። "እርስዎን አሳፍሬ እኔ በየት በኩል ልግባ?"

በዚህ መሀል ጋሽ ላላ መሳቅ ጀመረ። ሳቀ፣ ሳለ፣ እንባውን ጠረገ።

"ዛሬ ነው ያወቅሽው?" አለኝ። "እናታችን እኮ በወሩ አውቃለች። አባታችን እየከለከላት በአንድ ጊደር ነው ከነጋዴ የለወጠችው። ዳሩ ሲቀላ እንዳይስቅባት ፈራች። ጠዋት ጠዋት ከድስት ቂጥ ጥላሸት ትወስዳለች፣ በቅቤ ታሸዋለች፣ ትቀባዋለች። እሱን ነው በጣቷ ስታሽ የምታዪያት።"

"ጸሎት ላይስ?"

"ጸሎት ላይ ያልባታላ! ላብ ያጥበዋል።"

ሽማግሌዎቹ ቤቱን በሳቅ አናጉት። እኔ አልሳቅኩም፣ ገና አልተዋጠልኝም ነበር። "አባባ ሳያውቅ ሞተ?" አልኩት።

ጋሽ ላላ ድምፁን ቀነሰ። "አባባማ ከሁላችን በፊት ነው ያወቀው። ድስት ስናጥብ ቂጡን እንዳንነካ የሚቆጣን ማን ነበር?"

ትዝ አለኝ። የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ወንዝ ዳር፣ ድስት በአሸዋ ስፈትግ። አባቴ ከላይ ቆሞ፦ "ቂጡን ተዪው! ተዪው ብያለሁ!" ክፉ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ያኔ አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ ሽማግሌ ፊት። ምህረት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እሺ ማለቴን ያወቁት ከዚያ ነው መሰለኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

እሑድ

ቤቱ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ምህረት ቁርሷን በላች፣ ሁለት ጊዜ ጨመረች።

አቶ ማጃ ትናንት ሲወጣ አንድ ላስቲክ እጄ ላይ አኖረልኝ። ውስጡ አንድ ብር አለ፣ ያልተነካ። "እርስዎ ያስጀምሩት" አለኝ። ዛሬ መባ ላይ ቀድጄ ጣልኩት። ሲያንኳኳ ሰማሁት። ይህን ስነግረው ምን እንደሚል እንጃ። አልበሙን አሁንም አልወደውም። ጓንቱን ለሠርጉ ይዞ እንዳይመጣ በኤልያስ በኩል ልኬበታለሁ።

ምህረት ግን የባሰ ነገር አመጣች። ጠገራውን ለሠርጓ ማድረግ ትፈልጋለች። በገመዱ፣ አንገቷ ላይ፣ እንደ አያቷ። "እንዲህ ቀይ ሆኖ ወይስ እንደ ድሮው?" አልኳት። "አንቺ እንዳልሽ" አለችኝ።

ቀይ ሆኖ ይታይ ብል እናቴ ያን ሁሉ ዓመት የደከመችበትን በአደባባይ አጋልጬ ማሳየት ነው። ልቀባው ብል ደግሞ አሁን የማያውቅ የለም፣ ለማን ነው? አልወሰንኩም።

ቢሆንም ዛሬ የምሳውን ድስት ሳጥብ ቂጡን ሳልነካው ተውኩት።