ዘመድ አይጣልም

ሐሙስ

እንደገና ትዕግስት በካርታ ጨዋታ አሸነፈች። እንደገና! ወንድሜ ዳዊትም «ጎበዝ!» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እኔን ያለኝ «ቸኩለሻል» ብቻ ነው።

ትዕግስት የአክስቴ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ከደሃና መጥታ እኛ ቤት ትኖራለች። ዳዊት ከሳውዲ እስኪመለስ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ግን እኔ ነኝ። ለእኔ ሻርፕ አመጣልኝ፤ እሷን ቁጭ ብሎ ፖከር ያስተምራታል። ሻርፑን ልስጣትና እንቀያየር?

ሰኞ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ካርታውን እሑድ ላሸነፈ ትቼ እሄዳለሁ ብሏል። እሷ እጅ ከገባ ሞቻለሁ።

ዓርብ

የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ምትኩ «እኔም ልግባ» አሉ። ሰፈሩን ሁሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። በፖከር ለእያንዳንዳችን ሁለት ካርታ በድብቅ ይሰጠናል፣ መሐል ላይ አምስት ይዘረጋል፤ ከሰባቱ አምስቱ አንድ ዓይነት ምልክት የሆኑለት ብዙ ጊዜ ይበላል። የምናስይዘው የሽምብራ ቆሎ ነው።

ዳዊት መከረን፦ «ሁለቱ ካርታ ምልክታቸው ስለገጠመ ብቻ አትግቡ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ጣሉ።»

አያ ምትኩ ተቆጡ። «ሁለቱም ልብ ናቸው፣ ዘመዳሞች! ስንቱን ዘመድ ያስታረቅሁ ሰው ዛሬ ዘመድ ልጥል?»

አንድም አልጣሉም። ካርታቸውን በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ እያባበሉ ተበሉ። የተረፈቻቸውን ሽምብራ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ጾሙ ሲፈታ ራሳቸው በሏት። በገዛ ጥርሱ ከጨዋታ የወጣ ሰው ያየሁት ዛሬ ነው።

ቅዳሜ

የልብ አራትና ሰባት ደረሰኝ። መጣል ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ትዕግስት ሽምብራዋን ስትገፋ ዳዊት ፈገግ ብሎ አያት። ገባሁ።

መሐል ሦስት ልብ ወጣ! ሞላልኝ! ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። እሷም ገፋች። የልብ አስና ንጉሥ ይዛ ኖሯል። የእሷ ልቦች የእኔን በለጡ።

«ሁለተኛ አያ ምትኩ መጡብን!» አለ ዳዊት። እኔ? አያ ምትኩ? ትዕግስትም ሳቀች።

«ሂጂ ወደ ደሃናሽ!» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። እራት አልበላችም። እኔ በላሁ፣ ግን አልጣፈጠኝም።

እሑድ

ሽምብራውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ጥሬውን። መቁላቱን ረሳሁት አልኩ። አያ ምትኩ አንዷን ነክሰው «ይቺ ጥርስ ሰባሪ!» ብለው ተፏት። ዕቅዴ ይኸው ነበር፤ ካልበሉት አይወጡም፣ ካልወጡ ትዕግስትን ያስጨንቁልኛል።

የጥቁር አበባ አምስትና ስምንት ደረሰኝ። እጄን በላኝ። ጣልኩ። ዳዊት አየኝና «እሰይ» አለ፣ በቀስታ። ያቺን «እሰይ» በሻርፕ አልለውጣትም።

ትዕግስት ሁለት አስ ይዛ ሁሉንም ገፋች። አያ ምትኩም ገፉ፤ የልብ ሦስትና ስድስት! መሐል ሦስት ልብ ተደረደረ። «ዘመድ አይጣልም አላልኩም?» ብለው ሽምብራውን በጋቢያቸው ሰበሰቡ። በሚቀጥለው ዙር እኔንም ጠረጉኝ።

ካርታው እሷ እጅ ስላልገባ በደስታ ልጮህ ስል አያ ምትኩ ያሸነፉትን ካርታ ለሁለት ከፈሉት። የትናንቱን ስድቤን ሰምተዋል ለካ። ቀዩን ለእኔ፣ ጥቁሩን ለእሷ። «እስቲ አንዳችሁ ያለ ሌላዋ ተጫወቱ!»

ሽማግሌ ደግ ነው ያለው ማነው?

ሰኞ

ዳዊትን መናኸሪያ ሸኘነው። ቀድሞ እሷን አቀፋት። አይቻለሁ።

ቤት ገብቼ ቀዮቹን ደረደርኩ። ግማሽ ካርታ ምንም አይሠራም። ትዕግስት ጥቁሮቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሂጂ ያልሽኝን አልረሳሁም።»

«አውቃለሁ። ክፉ ነገር ነው ያልኩሽ።»

ከዚያ ቋጠሮዋን ፈታች። «በይ በውዢ።»

ገና እየበወዝኩ ሳለ ከበር ውጭ የአያ ምትኩ ድምፅ መጣ፦ «ልጆች፣ ሽምብራው ዛሬስ ተቆልቷል?»